እንግዳ ተቀባይ አጥቢያ፦ ከአሜሪካ ኤፒስኮፓል አጥቢያዎች አሠራር ለሰበካ ጉባኤያችን የሚሆን

(ለአጥቢያ ሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ በአንድ ዲያቆንና የፕሮጀክት ባለሙያ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «አጥቢያ እንግዳን እንዴት ይቀበላል?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ማናችንም ብንጠየቅ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ለሁሉ ክፍት ነው ብለን እንመልሳለንና። ነገር ግን የደጅ መከፈትና የሰው መቀበል አንድ አይደሉም። ከገጠር ለሥራ የመጣች እህት፣ ከቀዬው የተፈናቀለ ቤተሰብ፣ ከዓረብ ሀገር የተመለሰች ወጣት ወደ አጥቢያችን ይመጣሉ። ደጁን ተሳልመው፣ በቅጥሩ ጥግ ቆመው፣ አስቀድሰው ይሄዳሉ። ስማቸውን የጠየቀ የለም። በሚቀጥለው ሰንበት ቢቀሩም የቀሩ መሆናቸውን የሚያውቅ የለም። የዛሬው ንግግሬ ስለ እነዚህ ሰዎች ነው።

ለማነጻጸሪያ የመረጥሁት በአሜሪካ ያለችውን የኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን የአጥቢያ ኑሮ ነው። ስለ ምርጫዬ አስቀድሜ ጥቂት ልበል።

ኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን ማን ናት?

ስሟ «ኤጲስ ቆጶስ» ከሚለው ቃል የወጣ ሲሆን፣ አሜሪካ ከእንግሊዝ ነጻ ከወጣች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1789 በራሷ ሕግ የተዋቀረች፣ የአንግሊካን አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት አባል ናት። በእኛና በእነርሱ መካከል በክህነትና በምሥጢራት ሥርዓት ሰፊ ልዩነት አለ፤ ይህን ለመሸፈን አልመጣሁም። በሌላ በኩል የአንግሊካንና የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት የጋራ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2014 በካይሮ ስለ ነገረ ክርስቶስ የስምምነት ሰነድ መፈረሙ ይታወቃል። ውይይቱ የሊቃውንቱ ነው፤ እኛ የምንመለከተው የአጥቢያ አስተዳደርንና የእንግዳ አቀባበልን ብቻ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ምእመናኖቻችን የራሳቸውን ሕንፃ እስኪያገኙ ድረስ፣ በልዩ ልዩ ከተሞች የኤፒስኮፓልና የሌሎች አብያተ ክርስቲያናትን ሕንፃ በውሰትም በኪራይም ተገልግለዋል። በባዕድ ሀገር እንግዳ ሆኖ መቀበል ምን እንደሆነ የሚያውቁ የራሳችን ልጆች ናቸው።

ሰንበት ጠዋት በደጃፉ

በአሜሪካ መንገዶች ዳር «ኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን በደስታ ትቀበልዎታለች» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ የያዘ ሰሌዳ ቆሞ ማየት የተለመደ ነው። ሰሌዳ መትከል ግን ቀላሉ ሥራ ነው። ቁም ነገሩ ሰሌዳውን አይቶ የገባው ሰው የሚያገኘው ነገር ነው።

በብዙ አጥቢያዎች በበሩ ላይ በተራ የተመደቡ ምእመናን ይቆማሉ። እንግዳውን ሰላም ብለው የዕለቱን የአገልግሎት ወረቀት ይሰጡታል። በወረቀቱ ላይ ጸሎቱ በቅደም ተከተል፣ መቼ እንደሚቆምና መቼ እንደሚቀመጥ፣ በመጨረሻም የሳምንቱ መርሐ ግብር ታትሟል። ስለዚህ ከዚያ በፊት ገብቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ግራ ሳይጋባ ይከታተላል። ከአገልግሎቱ በኋላ «የቡና ሰዓት» የሚሉት አለ፤ ሕዝቡ በአዳራሽ ተሰብስቦ ቡና እየጠጣ ይጨዋወታል። እንግዳው ፈቃዱ ከሆነ ስሙንና አድራሻውን በካርድ ይሞላል፤ በሳምንቱ ውስጥም ካህኑ ወይም አንድ ምእመን ይደውልለታል።

የቡና ነገር ለእኛ ለባለቤቶቹ የሚነገር አይደለም። ከቡናውም የሚበልጥ ሰንበቴ አለን። ከቅዳሴ በኋላ ጠላው ተቀድቶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ካህኑ ባርኮ፣ ነዳያን የሚመገቡበት ሥርዓት ከአባቶቻችን የተረከብነው ነው። ነገር ግን ሰንበቴያችን ዛሬ ለማን ነው? በብዙ ቦታ የሚታደመው አባል የሆነው፣ ተራውን የሚያወጣው፣ ቀድሞም የሚተዋወቀው ነው። አብርሃም በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ መንገደኞችን ባየ ጊዜ ሮጦ የተቀበላቸው ማን እንደሆኑ ሳይጠይቅ ነበር (ዘፍ. 18)።

አስተዳደርና ሒሳብ

የኤፒስኮፓል አጥቢያ ከእኛ ሰበካ ጉባኤ ጋር የሚቀራረብ፣ በምእመናን ዓመታዊ ጉባኤ የሚመረጥ ምክር ቤት አለው። የአምልኮው ኃላፊነት የካህኑ ሲሆን፣ ምክር ቤቱ ንብረትንና ገንዘብን ያስተዳድራል። በአብዛኛው አባላቱ ለሦስት ዓመት ተመርጠው በየዓመቱ ሲሶው ስለሚለወጥ፣ ልምድ ሳይቋረጥ አዲስ ሰው ይገባል።

በመጸው ወራት ማለትም በእኛ መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ በሚመጣው ዓመት ምን ያህል እንደሚሰጥ በጽሑፍ ቃል ይገባል። ምክር ቤቱ በጀቱን የሚሠራው በዚህ ላይ ተመሥርቶ ነው። በዓመታዊው ጉባኤ ላይ ገቢና ወጪው በወረቀት ታትሞ ለሁሉም ይታደላል። የቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ ሒሳብ በየዓመቱ እንዲመረመርና እያንዳንዱ አጥቢያ ዓመታዊ ሪፖርት እንዲያቀርብ ያዝዛል። ከሕፃናት ጋር የሚያገለግሉ ሰዎችም ስለ ሕፃናት ደኅንነት አስቀድመው ይሠለጥናሉ።

እኛም ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ ቃለ ዓዋዲ አለን። ካህናትና ምእመናን በአንድነት አጥቢያቸውን እንዲያስተዳድሩ የሚያደርግ ሕግ የጎደለብን ጊዜ የለም። የሚጎድለው ሕጉን ምእመኑ በሚያየው መንገድ መፈጸም ነው። ሒሳቡ የማይነገረው ምእመን ቀስ በቀስ ይጠራጠራል፤ የተጠራጠረ ምእመን ደግሞ መስጠቱን ብቻ ሳይሆን መቅረቡንም ይተዋል።

ዓመቱን የሚያውጅ መርሐ ግብር

የእነዚህ አጥቢያዎች ሌላው ጠባይ የሚመጣውን ሥራ አስቀድመው ማሳወቃቸው ነው። በእ.ኤ.አ. ጥቅምት መጀመሪያ የፍራንቸስኮስ መታሰቢያ ሲሆን ሰዎች እንስሳዎቻቸውን ለቡራኬ ያመጣሉ። ከእ.ኤ.አ. ኅዳር 30 በሚቀርበው እሑድ የልደት ዝግጅት ወራት ይጀምራል፤ የእኛ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 እንደሚገባው ማለት ነው። ከዐቢይ ጾማቸው ዋዜማ ማክሰኞ ዕንቁላሉንና ቅቤውን ለመጨረስ በአንድነት ይመገባሉ፤ ይህ የእነርሱ ቅበላ ነው። በጾሙ ወራትም በሳምንት አንድ ምሽት ሾርባ እየተመገቡ ትምህርት የሚከታተሉበት አጥቢያ ብዙ ነው። ሴቶች እ.ኤ.አ. በ1889 የጀመሩት የምስጋና መባም አለ፤ በየቤቱ በሚቀመጥ ትንሽ ሰማያዊ ሣጥን ሳንቲም እየተጠራቀመ ለተልእኮ ይውላል።

በማስታወቂያቸው ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታውና የሚጠየቀው ሰው ይጻፋል። ስለዚህ እንግዳው «ልመጣ እችላለሁ ወይ?» ብሎ አያመነታም፤ መጋበዙን ከወረቀቱ ያነባል።

የተቃጠለው ጣሪያና ያልተቋረጠው ማዕድ

አንድ ምሳሌ ላቅርብ። በኒው ዮርክ፣ ማንሃተን፣ ቼልሲ በሚባለው ሠፈር የቅዱሳን ሐዋርያት ኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን አለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ምእመናኑ ተመናምነው መዘጋት አሥግቶት ነበር። በ1982 ግን በሥራ ቀናት ለተራቡ ሰዎች ምሳ ማቅረብ ጀመረ። በመጀመሪያው ቀን የመጡት 35 ያህል ነበሩ፤ ከዓመታት በኋላ በቀን ከ1,000 በላይ ሰው የተመገበበት ጊዜ አለ። በ1990 እሳት ተነሥቶ ጣሪያውን አቃጠለ፤ ማዕዱ ግን አልተቋረጠም። ሕንፃው ሲታደስም ቋሚዎቹ አግዳሚ ወንበሮች አልተመለሱም፤ የጸሎቱ አዳራሽ በሥራ ቀን የምግብ አዳራሽ እንዲሆን ተደረገ።

የመጨረሻውን ክፍል እንድንቀዳ አልመክርም። የእኛ ሕንፃ ቤተ መቅደስ፣ ታቦት የሚከብርበት ነው፤ ለምግብ አይውልም። ሆኖም ደጀ ሰላም አለን፤ ሰንበቴ ቤት አለን፤ ሰፊ ዐጸድ አለን። ከእነርሱ የምንማረው ሕንፃውን መለወጥ ሳይሆን፣ አንድ አጥቢያ ስለ ራሱ መዳከም ብቻ ማሰቡን ትቶ የተራበውን ማሰብ በጀመረ ጊዜ ራሱም እንደሚጸና ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ የእነርሱ ትጋት ከእጥረትም የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ከ3 ሚሊዮን በላይ የነበረው የኤፒስኮፓል ምእመናን ቁጥር ዛሬ ወደ ግማሽ ወርዷል። አንድ እንግዳ ሲገባ ይታወቃቸዋል፤ አንድ ሰው ሲቀርም ያጎድልባቸዋል። እኛ ዐጸዱ ሞልቶ ስለምናይ ማን እንደቀረ አንቆጥርም። ብዛታችን በረከት ነው፤ ነገር ግን የሚጠፉትን ከዓይናችን ይሰውርብናል። መልካሙ እረኛ የጠፋችውን አንዲት በግ ያወቀው ዘጠና ዘጠኙን ስለቆጠረ ነው።

በሚመጣው ሩብ ዓመት ምን እናድርግ?

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት እያንዳንዱ አጥቢያ ሊፈጽማቸው የሚችላቸውን አምስት ነገሮች አቀርባለሁ። አንዳቸውም ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም።

አንደኛ፦ ሰበካ ጉባኤው ከሰንበት ትምህርት ቤት ጋር ተመካክሮ፣ በየሰንበቱ አንድ ወንድና አንዲት ሴት በተራ በደጀ ሰላም እንዲቆሙ ይመድብ። ሥራቸው ሥርዓት ማስከበር አይደለም፤ ሰላምታ መስጠትና ግራ የገባውን መምራት ነው።

ሁለተኛ፦ የእንግዶች መዝገብ ይከፈት። ስም፣ የመጡበት አካባቢና የንስሐ አባት ያላቸው መሆን አለመሆኑ፣ በፈቃዳቸው ብቻ፣ ይጻፍ። ከሀገሩ የወጣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጣው የንስሐ አባቱን ነው። የንስሐ አባት የሌለውን በሁለት ሳምንት ውስጥ ከአንድ ካህን ጋር ማገናኘት ለካህናት አባቶቼ የማቀርበው ዋና ልመናዬ ነው። በእነርሱ ዘንድ ስልክ የሚደውለው ሰው የሚሠራውን፣ በእኛ ዘንድ የንስሐ አባት ከዚያ በበለጠ ይሠራዋል።

ሦስተኛ፦ እያንዳንዱ ሰንበቴ ከማዕዱ ለእንግዳ የተለየ ቦታ ይተው፤ መዝገቡ ላይ የተጻፉትም በስማቸው ይጋበዙ።

አራተኛ፦ የሦስት ወሩ መርሐ ግብር በአንድ ወረቀት ተጽፎ በደጀ ሰላም ይለጠፍ። የኅዳር ጽዮን፣ የጾመ ነቢያት መግቢያ፣ የታኅሣሥ ገብርኤል፣ የልደት በዓልና በመካከሉ ያሉት የልማትና የምጽዋት ሥራዎች ከነቀናቸውና ከነኃላፊያቸው ይገለጹ።

አምስተኛ፦ የሩብ ዓመቱ ገቢና ወጪ በዚያው ሰሌዳ ይለጠፍ፤ ከቅዳሴ በኋላም በንባብ ይሰማ።

ምናልባት «ካህናቱ ጥቂት ናቸው፤ ሰዉ ብዙ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። በሐዋርያት ዘመንም ማዕዱ ለመበለቶች በትክክል ባልደረሰ ጊዜ ሐዋርያት ሥራውን አልተዉትም፤ ሰባት ዲያቆናትን ሾሙለት (የሐዋ. 6)። መፍትሔው ሥራውን ማካፈል ነው። ዲያቆናት አለን፤ ወጣቶች አሉን፤ ጡረታ የወጡ እናቶችና አባቶች አሉን። ብዙዎቹ «ምን ላግዝ?» ብለው የሚጠይቃቸውን ሰው የሚጠብቁ ናቸው።

ጌታችን በመጨረሻው ቀን ከሚጠይቀን አንዱ እንግዳ ሆኖ በመጣ ጊዜ መቀበል አለመቀበላችንን መሆኑን ሁላችን እናስተምራለን (ማቴ. 25)። ከዚህ ሥልጠና ስትመለሱ በመጀመሪያው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባችሁ ላይ አንድ ጥያቄ በአጀንዳነት እንድትይዙልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ፦ «ባለፈው ሰንበት ወደ አጥቢያችን አዲስ የመጣው ማን ነው?» መልሱን የሚያውቅ ከተገኘ እሰየው፤ ካልተገኘ ሥራው ከዚያው ይጀምር።

አምላከ ቅዱሳን አጥቢያዎቻችንን ይባርክልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።