ክብደት መቀነስ፦ በጥድፊያ ወይስ በዝግታ?

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲባል ሁላችንም እንሰማለን። ተረቱ ለብዙ ሥራ ይሆናል። ዛሬ ለምንነጋገርበት ጉዳይ ግን ብቻውን አይበቃም። ጉዳዩም ክብደት ስለ መቀነስ ነው። የወፈረ ሰው በጥድፊያ ሲከሳ ነው ወይስ በዝግታ ሲከሳ ነው ውፍረቱ ተመልሶ የማይመጣበት?

«ይህ የከተማ ሰው ጣጣ ነው፤ እኛ በሬ ስንከተል የምንውል ሰዎች ምን ውፍረት አለብን?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ሲያርስና ሲያጭድ የሚውል ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይወፍርም። ነገር ግን ከተማ ወርዳ ሱቅ የከፈተች እህት፣ መኪና የሚነዳ ልጅ፣ ጉልበታቸው ደክሞ ከቤት የዋሉ እናት በየዘመዱ አሉ። ከነዚህ ውስጥ የስኳር በሽታ ወይም የደም ግፊት የሚያገኛቸው ጥቂት አይደሉም። ሐኪሙ «ክብደት ቀንሱ» ብሎ ወደ ቤት ይልካቸዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ የሚሠሩት በሽተኛውና ቤተሰቡ ናቸው። ስለዚህ ነገሩ የእናንተም ነው።

ስብ ምንድን ነው?

ስብ የሰውነት ጎተራ ነው። የምንበላው ምግብ ከምንሠራው ሥራ ሲበልጥ ትርፉ በስብ መልክ ይከማቻል። ጎተራ መኖሩ መልካም ነው። ለክፉ ቀን ይሆናል። ነገር ግን ስቡ ከመጠን ሲያልፍ፣ ይልቁንም በሆድ ዙሪያ ሲከማች፣ ጉዳት ያመጣል። ስኳርን ከደም ወደ ሥጋ የሚያስገባው ኢንሱሊን የሚባለው ነገር ሥራው ይከብደዋል። ስኳሩ በደም ውስጥ ይቀራል። ብዙ ጊዜ ሲቆይም ዓይንን፣ ኩላሊትንና እግርን ይጎዳል።

የጥድፊያና የዝግታ ፈተና

ብዙ ሰው «በጥድፊያ የከሳ በጥድፊያ ይወፍራል» ብሎ ያምናል። ሐኪሞችም እንዲሁ ሲሉ ኖረዋል። ይህ እውነት መሆኑን ለማወቅ በአውስትራሊያ አገር፣ በሜልበርን ከተማ፣ 200 ያህል በጣም የወፈሩ ሰዎች ተመረመሩ። ውጤቱ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2014 ታተመ። ሰዎቹ በሁለት ተከፈሉ። አንደኞቹ በ12 ሳምንት በጥድፊያ እንዲቀንሱ ተደረገ። ሁለተኞቹ በ36 ሳምንት በዝግታ እንዲቀንሱ ተደረገ። ግቡ ለሁሉም አንድ ነበር። ለምሳሌ 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 10 ኪሎ መቀነስ ነበረበት።

ምን ተገኘ? ከጥድፊያዎቹ ከመቶው 81 ግቡ ላይ ደረሱ። ከዝግታዎቹ የደረሱት ከመቶው 50 ብቻ ናቸው። ግባቸው ላይ የደረሱት ደግሞ ወደ ሦስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ታዩ። በዚህ ጊዜ የሁለቱም ወገን ክብደት ተመለሰ። ከቀነሱት ከያንዳንዱ 10 ኪሎ ውስጥ 7 ኪሎ ያህሉ ተመልሶ መጣ። በጥድፊያም የቀነሰ፣ በዝግታም የቀነሰ፣ መመለሱ እኩል ሆነ።

እንግዲህ ክብደት እንዲቆይ የሚያደርገው ፍጥነቱ አይደለም ማለት ነው። ታዲያ ምንድን ነው?

ክብደት ለምን ይመለሳል?

ሰውነት ድርቅን ከሐኪም ትእዛዝ አይለይም። ምግብ ሲቀንስበት ክፉ ቀን የመጣ ይመስለዋል። ስለዚህ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ ረሃብን ያበረታል። ሁለተኛ፣ ጉልበት ይቆጥባል። የሚያቃጥለው ምግብ ከቀድሞው ያነሰ ይሆናል።

በ1944 እና በ1945 በአሜሪካ አገር፣ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ 36 ጤነኛ ወንዶች በፈቃዳቸው ተራቡ። ጊዜው የጦርነት ጊዜ ስለ ነበር፣ በአውሮፓ የተራበውን ሕዝብ እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚገባ ለማወቅ ነበር። ምግባቸው በግማሽ ያህል ተቀንሶ 24 ሳምንት ቆዩ። ከክብደታቸውም ሩቡን ያህል አጡ። ሌት ተቀን የሚያስቡት ምግብን ብቻ ሆነ። ረሃቡ አብቅቶ እንደ ልባቸው እንዲበሉ ሲፈቀድላቸው፣ ሆዳቸው ሞልቶ እንኳ አልጠግብ ያሉ ነበሩ። ስባቸውም ከቀድሞው በልጦ ተመለሰ።

እንግዲህ የከሳ ሰው መልሶ ቢወፍር «ሆዳም ነው፣ ልቡ ደካማ ነው» ማለት ተገቢ አይደለም። የሚታገለው ከገዛ ሰውነቱ ጋር ነው።

እኛ ይህን ነገር በእርከን እንመስለዋለን። አንድ ተዳፋት መሬት በዘመቻ በአንድ ወር ሊታረከን ይችላል። ወይም ባለቤቱ ብቻውን ዓመት ሙሉ ሊሠራው ይችላል። ክረምት ሲመጣ ጎርፉ «ይህ እርከን በስንት ቀን ተሠራ?» ብሎ አይጠይቅም። የተናደውን ድንጋይ በየጊዜው የሚመልስ ሰው ካለ እርከኑ ይቆያል። ከሌለ ይሄዳል። ክብደትም እንዲሁ ነው። መቀነሱ ግንባታው ነው። መጠበቁ ጥገናው ነው። ጥገና ደግሞ ማብቂያ የለውም።

ጥቂት ቢሆንም ይጠቅማል

«ሰባቱ ኪሎ ከተመለሰ ምን ዋጋ አለው?» እንል ይሆናል። ዋጋ አለው። በ2002 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ይህን ያሳያል። የስኳር በሽታ ሊይዛቸው የተቃረቡ ከ3,000 በላይ ሰዎች ተመረመሩ። አንዱ ወገን ከያንዳንዱ 100 ኪሎ 7 ኪሎ እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ እንዲራመድ ተመከረ። የሚከታተለውና የሚያበረታታው ሰውም ተመደበለት። ሦስት ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ በዚህ ወገን በስኳር በሽታ የተያዙት፣ ምክሩን በዚህ መልክ ካላገኙት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ከግማሽ በታች ሆኑ። ስለዚህ ተጠብቆ የሚቆይ 5 ኪሎ፣ ቀንሶ ከሚመለስ 20 ኪሎ ይሻላል።

ጥገናው በቤት ውስጥ ነው

በአገራችን የወፈረ ሰው ሲታይ «ተመችቶሃል» ይባላል። የከሳ ሲታይ «ምነው? ምን ነካህ?» ይባላል። በሐኪም ምክር የከሱ እናት ለቅሶ ቤት ወይም ማኅበር ሲሄዱ ሁሉም ያዝንላቸዋል። «በሞቴ ይቺን ብቻ!» እየተባለ ጉርሻ ይመጣል። እምቢ ቢሉ ነውር ይሆንባቸዋል። ቤት ሲመለሱም ልጆቻቸው «እማዬ ተጎዳሽብን» ብለው ቅቤ ይጨምራሉ። ይህ ሁሉ ከፍቅር የመጣ ነው። ነገር ግን ያ በስንት ልፋት የተሠራ እርከን የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ቤተሰቡና ጎረቤቱ የሚከተለውን ቢያደርጉ መልካም ነው።

1ኛ/ ምክር የተቀበለ ሰው «ይበቃኛል» ሲል አንድ ጊዜ መስማት። በሞቴ ብሎ አለመለመን።

2ኛ/ ለበሽተኛው ብቻ ለየት ያለ ምግብ ከመሥራት የቤቱን ማዕድ ማስተካከል። ጎመኑን፣ ምስሩንና ሽሮውን ማብዛት፤ እንጀራውን፣ ዘይቱንና ቅቤውን መጠን ማበጀት፤ በሻይና በቡና የሚገባውን ስኳር መቀነስ፤ ለስላሳ መጠጥን፣ ጠላንና አረቄን መተው ወይም ማሳነስ።

3ኛ/ በየቀኑ መራመድ። ገበያ በእግር መሄድ የሚችል ሰው በባጃጅ አይሂድ።

4ኛ/ በወር አንድ ጊዜ መለካት። ሚዛን ከሌለ አንድ ገመድ ይበቃል። ገመዱን በእምብርት ላይ በወገብ ዙሪያ አዙሮ የደረሰበትን መቋጠር ነው። በሚቀጥለው ወር ገመዱ ከቋጠሮው ማለፍ ካስፈለገው፣ ጎርፉ መጀመሩን ያሳያል። ጥገናውን ያን ጊዜውኑ መጀመር ነው።

ጾምን እንደ ምሳሌ እንይ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በዚያ ጊዜ የሚከሳ ሰው አለ። ፋሲካ ሲመጣ ግን ዶሮው፣ ሥጋውና ቅቤው አንድ ላይ ይመጣሉ። ጾም የሃይማኖት ሥርዓት ነው፤ የተሠራው ለኪሎ አይደለም። ከዚህ የምንማረው የ55 ቀን ለውጥ የ55 ቀን ብቻ መሆኑን ነው። ለዓመቱ ሁሉ የሚቆየው ዓመቱን ሁሉ የምንበላው ነው።

መጠንቀቅ የሚገባን

ፍጥነቱ ክብደቱን አይመልስም ስንል፣ ጥድፊያ አደጋ የለውም ማለታችን አይደለም። በሜልበርን የተጣደፉት በሐኪም ዓይን ሥር ነበሩ። ሰው ብቻውን ምግብ ቢተው ከስቡ ጋር ጡንቻውም ይሄዳል። በሐሞት ከረጢት ውስጥ ጠጠር ሊፈጠርበት ይችላል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ወይም የሚወጋ ሰው ምግብ በድንገት ቢያቆም ስኳሩ ከልክ በታች ወርዶ ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሳይመካከር ምግቡን በብዙ አይቀንስ፤ መድኃኒቱንም በራሱ አይተው።

ይህ ትምህርት ለሁሉም አይደለም። እርጉዝ ሴት፣ የምታጠባ እናት፣ ሕፃንና ቀጭን ሰው ክብደት ለመቀነስ አያስቡ። ሳይፈልግ የሚከሳ ሰው ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል። ብዙ ውኃ የሚጠማውና ሌሊት ለሽንት የሚመላለስ ከሆነም የስኳር በሽታ ሊሆን ይችላል።

ውድ አድማጮች፤ በጥድፊያም ይሁን በዝግታ፣ ከሐኪም ጋር የተመረጠው መንገድ መንገድ ነው። ነገር ግን ከመጀመራችን በፊት «ከዚያ በኋላስ ማን ይጠብቀዋል?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ «ቤተሰቡ ሁሉ» ከሆነ ሥራው ከግማሽ በላይ አለቀ ማለት ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በሜልበርን ጥናት በጥድፊያ የቀነሱትና በዝግታ የቀነሱት ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ ምን ሆኑ?

2. ክብደት መጠበቅ እርከንን ከመጠገን ጋር የሚመሳሰለው በምንድን ነው?

3. በአካባቢያችሁ በሐኪም ምክር የከሳ ሰው ምን ይባላል? ምን ቢባል ይሻላል?

4. ሳይፈልግ የሚከሳ ሰው ምን ማድረግ አለበት?