የመብራቱ ሽቦና የማርሽ ዘንጉ፦ ባረጁ የስፖርት አውቶሞቢሎች ላይ ስለሚደረግ ማሻሻያ



አንድ አውቶሞቢል ከፋብሪካ ከወጣ ብዙ ዓመት ሲያልፈው በዙሪያው ሁለት ዓይነት ሰዎች ይሰበሰባሉ። አንዱ ወገን «እንደ ተሠራ ይኑር» ይላል፤ ሌላው «እንደ ዘመኑ ይታደስ» ብሎ ይከራከራል። ክርክሩ በቀለምና በመቀመጫ ቆዳ ላይ ሲሆን ማንንም አይጎዳም። በፊት መብራትና በማርሽ ዘንግ ላይ ሲደርስ ግን የውበት ጉዳይ መሆኑ ይቀራል። መብራቱ ሲደክም በመንገድ ዳር የሚሄደው እግረኛ አይታይም፤ ማርሹ ሲያስቸግርም መኪናው መስቀለኛ መንገድ መካከል ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ ይህ ንግግር በእነዚህ በሁለቱ ላይ ብቻ ይወሰናል። ለምሳሌ እንዲሆንም በዓይነቱ በብዛት ከተሠሩት አንዱ የሆነው የእንግሊዙ ኤም ጂ ቢ ተመርጧል።

ኤም ጂ ቢ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 ድረስ በእንግሊዝ አገር በአቢንግደን ከተማ የተሠራ፣ ባለ 1798 ሲ.ሲ. ሞተር የስፖርት መኪና ነው። ጣራው የሚከፈተውና ጣራው የማይነሣው ዓይነት ተደምረው ከ500 ሺህ በላይ ተሠርተዋል፤ ከእነዚህም እጅግ ብዙዎቹ ወደ አሜሪካ ተልከዋል። ቁጥሩ ብዙ በመሆኑ መለዋወጫው ዛሬም እንደ ልብ ይገኛል። ማሻሻያ እየተባለ የሚሸጠው ዕቃ እንዲሁ ሞልቷል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ መድኀኒቱ በየሱቁ ስለሚገኝ ባለቤቱ በሽታውን ሳያስመረምር ይገዛዋል።

የመጀመሪያው አቤቱታ ዘወትር አንድ ነው፦ «መብራቱ ቢጫ ሆነ፤ መንገዱ አይታይም»። የሚወሰደውም እርምጃ እንዲሁ አንድ ነው፤ አምፖሉ ወጥቶ በምትኩ ባለ 100 ዋት አምፖል ይገባል። ይህ ምን ያህል የተሳሳተ እንደ ሆነ ለመረዳት ኤሌክትሪኩ ከባትሪው እስከ አምፖሉ የሚጓዝበትን መንገድ መከተል ያስፈልጋል።

እስከ 1974 ድረስ በተሠሩት መኪናዎች ባትሪዎቹ ሁለት ባለ 6 ቮልት ሆነው ከመቀመጫዎቹ በስተኋላ ተቀምጠዋል። ኤሌክትሪኩ ከዚያ ተነሥቶ በወፍራም ኬብል ወደ ሞተሩ ክፍል ይመጣል፤ ቡናማውን ሽቦ ይዞ ከሾፌሩ ፊት ወዳለው የመብራት ማብሪያ ይገባል፤ ከማብሪያው በሰማያዊው ሽቦ ወጥቶ ረጅሙንና አጭሩን መብራት ወደሚለዋውጠው መቀያየሪያ ይወርዳል። ይህ መቀያየሪያ በቀደሙት መኪናዎች ወለሉ ላይ ሆኖ በግራ እግር የሚረገጥ ነበር፤ ጭቃና ውኃ የማይለየው ቦታ መሆኑን ልብ ይሏል። ከዚያም በሰማያዊና ነጭ ሽቦ ለረጅሙ፣ በሰማያዊና ቀይ ሽቦ ለአጭሩ መብራት እየሆነ ወደ ፊት ይሄድና በራዲያተሩ አጠገብ ባሉት የጥይት ቅርጽ ያላቸው ማያያዣዎች አልፎ አምፖሉ ዘንድ ይደርሳል። መመለሻው ጥቁር ሽቦ ነው፤ እርሱም ከመኪናው አካል ጋር ይታሰራል። በዚህ ሁሉ ጉዞ ለፊት መብራቱ የተመደበ ፊውዝ የለም። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት አንድ ፊውዝ ቢቃጠል ሁለቱም መብራት በአንድ ቅጽበት ይጠፋሉ የሚል ነው።

አሁን ስሌቱን እንመልከት። ሁለት ባለ 60 ዋት አምፖሎች በ12 ቮልት ሲበሩ 10 አምፔር ይስባሉ። ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ የመዳብ ሽቦ በየሜትሩ 0.017 ኦም ያህል ተቃውሞ አለው፤ ስለዚህ 5 ሜትሩ ብቻውን 0.085 ኦም ይሆናል። በዚህ ላይ የዛጉት ማያያዣዎችና የተበሉት የማብሪያ ጥርሶች ተጨምረው ጠቅላላው 0.15 ኦም ደረሰ እንበል። 10 አምፔር በዚህ ሲያልፍ 1.5 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ዘንድ 13.5 ቮልት ቢኖር አምፖሉ የሚያገኘው 12 ቮልት ነው ማለት ነው። የጎደለው ከዘጠኝ አንድ እጅ ብቻ ስለ ሆነ ብዙ አይመስልም። ነገር ግን የአምፖል ብርሃን ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም፤ ቮልቱ በ3.4 ገደማ ከፍ ተደርጎ ሲባዛ በሚገኘው መጠን ነው የሚወርደው። ከቮልቱ አንድ ዘጠነኛ ሲጎድል ከብርሃኑ ሢሶው ይጠፋል። ባለቤቱ አምፖሉን የሚከስሰው እንግዲህ አምፖሉ ባልሠራው ጥፋት ነው።

ያ የጠፋው 1.5 ቮልትም በከንቱ አይጠፋም፤ 15 ዋት ሙቀት ሆኖ በሽቦው፣ በማብሪያውና በማያያዣው ላይ ይቀመጣል። ባለ 100 ዋት አምፖሎች ሲገቡ ጅረቱ ወደ 17 አምፔር ገደማ ይወጣል፤ ሙቀቱም በጅረቱ ካሬ ስለሚያድግ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ማብሪያው ይቀልጣል፤ የሽቦው ልባስ ይለሰልሳል፤ ፊውዝ ስለሌለም የሚያቆመው ነገር የለም። ከዚህ ሌላ እስከ 1967 በተሠሩት መኪናዎች ላይ ያለው ዲናሞ ከፍተኛ ውጤቱ 22 አምፔር ያህል ነው። ከዚህ ላይ መብራቱ 17ቱን ከወሰደ ለሞተሩ ማቀጣጠያ፣ ለዝናብ መጥረጊያውና ለማሞቂያው የሚተርፈው እጅግ ጥቂት ነው፤ ባትሪው በሌሊት ጉዞ እየተራቆተ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ስለ ሉካስ ኩባንያ አንድ ቃል መናገር ተገቢ ነው። የእንግሊዝ መኪናዎችን የኤሌክትሪክ ዕቃ ያቀርብ የነበረው ይህ የበርሚንግሃም ኩባንያ «የጨለማው መስፍን» እየተባለ ሲቀለድበት ኖሯል። ቀልዱ ያስቃል፤ ፍርዱ ግን ሚዛናዊ አይደለም። አርባና ሃምሳ ክረምት ያለፈበትን ማያያዣ አንድ ቀን እንኳ ፈትቶ ያላጸዳ ባለቤት ሠሪውን ለመክሰስ ብዙ መብት የለውም።

ትክክለኛው ማሻሻያ ሪሌ ነው። ሪሌ በትንሽ ጅረት የሚታዘዝና ትልቁን ጅረት የሚያሳልፍ መግነጢሳዊ ማብሪያ ነው። አሮጌው ማብሪያና መቀያየሪያ እንደ ነበሩ ይቀራሉ፤ ሥራቸው ግን ማዘዝ ብቻ ይሆናል። የሪሌው ጥምጥም የሚስበው ከ0.2 አምፔር አይበልጥም፤ ይህም ቀድሞ ማብሪያው ይሸከም ከነበረው ከሃምሳ አንድ እጅ ነው። ለአምፖሎቹ የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ አዲስ ሽቦ ከሞተሩ ክፍል በቀጥታ፣ በአጭር መንገድ ይሄዳል። ለረጅሙ አንድ፣ ለአጭሩ አንድ፣ በጠቅላላው ሁለት ሪሌ ይበቃል። ፊውዞቹ ግን አራት መሆን አለባቸው፤ የግራው ለብቻ፣ የቀኙም ለብቻ። እንዲህ ከሆነ አንዱ ፊውዝ ቢቃጠል ሌላው መብራት ይቀራል፤ ያ አሮጌ ሥጋትም መልስ ያገኛል። ከኤሌክትሪክ መነሻው እስከ ፊውዞቹ ያለው ሽቦ የሚጠብቀው ስለሌለ በተቻለ መጠን አጭር ይሁን።

አንድ ነገር በተለይ መታወቅ ይገባዋል። እስከ 1967 የተሠሩት ኤም ጂ ቢዎች ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረው የባትሪያቸው ክፍል አሉታዊው ሳይሆን አዎንታዊው ነው። ተራ ሪሌ ለዚህ ደንታ የለውም፤ ጥምጥሙ ከየትም አቅጣጫ ቢመጣለት ይሠራል። ዛሬ ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ግን በውስጣቸው ዳዮድ አለባቸው። እንዲህ ያለው ሪሌ ተገልብጦ ሲታሰር ዳዮዱ እንደ ባዶ ሽቦ ያሳልፋል፤ ያም የሚሆነው ፊውዝ በሌለበት በአሮጌው የማዘዣ መስመር ላይ ነው። ለደኅንነት ተብሎ የተጨመረው ዕቃ እሳት የሚያስነሣው በዚህ መንገድ ነው። ሠራተኛው ሪሌውን ከመግዛቱ በፊት ጎኑ ላይ የታተመውን ሥዕል ያንብብ።

ጥቁሩ የመመለሻ ሽቦም አይዘንጋ። ብዙ ጊዜ አዲስ ሽቦ ወደ አምፖሉ ተዘርግቶ መመለሻው እንደ ዛገ ይተዋል፤ ከዚያም «ሪሌው አልረዳም» ይባላል።

ስለ አምፖሉና ስለ መስተዋቱ ጥቂት ይበቃል። የመኪናው ክብ መብራት 7 ኢንች ስለ ሆነ ኤች-4 የተባለውን ባለ 60/55 ዋት ሃሎጂን አምፖል የሚቀበል መስተዋት ይገኝለታል። ነገር ግን ከአሜሪካ ወደ እንግሊዝ የተመለሱ ብዙ መኪናዎች አሉ፤ የእነዚህ አጭር መብራት ለቀኝ ነጂ አገር ስለ ተቀረጸ ብርሃኑን ወደ ቀኝ ይጥላል፤ በግራ በሚነዳበት አገር ይህ ማለት በሚመጣው ሾፌር ዓይን ውስጥ ነው። ኤል ኢ ዲ አምፖልም ቢሆን ብርሃን የሚሰጠው ነጥብ የሃሎጂኑ ክር በነበረበት ቦታ በትክክል ካልዋለ ለባለቤቱ የደመቀ ይመስላል እንጂ ለፊተኛው ሰው የሚያሳውር ነው።

ወደ ማርሽ ዘንጉ ስንመለስ ነገሩ ከመብራቱ ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ይታያል። አቤቱታው «ዘንጉ ይወዛወዛል፤ ማርሹ የት እንዳለ አይታወቅም» የሚል ነው። የሚሸጠው መድኀኒት አጭር ዘንግ ነው። ከመደገፊያው ነጥብ በላይ 200 ሚሊ ሜትር፣ በታች 40 ሚሊ ሜትር የሆነ ዘንግ አለ እንበል፤ ታችኛው ጫፍ 10 ሚሊ ሜትር እንዲሄድ እጅ 50 ሚሊ ሜትር መጓዝ አለበት። የላይኛው ክፍል ወደ 160 ቢያጥር እጅ የሚጓዘው 40 ይሆናል፤ የሚያስፈልገው ኀይል ደግሞ በሩብ ይጨምራል። ከማንሻ ሕግ በነፃ የሚገኝ ነገር የለም። ካምቢዮው ውስጥ ያለው ሲንክሮናይዘር ሁለቱን ፍጥነት ለማስተካከል በሰበቃ ስለሚሠራ ጊዜ ይፈልጋል፤ ያንን ጊዜ በጕልበት ለመግዛት የሚሞክር እጅ ቀለበቱን ይበላዋል። እስከ 1967 በነበረው ካምቢዮ ላይ አንደኛው ማርሽ ከነጭራሹ ሲንክሮናይዘር የለውም፤ ዘንጉ ቢያጥርም ቢረዝምም መኪናው ሳይቆም አንደኛ ለማስገባት የሾፌሩን ጥበብ ይጠይቃል።

የኤም ጂ ቢ ዘንግ ደግሞ ከፋብሪካው አጭርና ፈጣን ነው። የሚወዛወዝበት ዋና ምክንያት በታችኛው ጫፍ ላይ የምትቀመጠው ትንሽ የናይለን ቡሺንግ ስትበላ ነው። 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት እዚያ ታች ካለ እላይ እጀታው ላይ 10 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይሰማል። አጭሩ ዘንግ ይህን ወደ 8 ያወርደዋል እንጂ አያጠፋውም። ቡሺንጓ ግን ከሚሸጠው ዘንግ ጋር ሲነጻጸር ዋጋዋ እዚህ ግባ የማይባል ነው።

ካምቢዮውን በሙሉ አውጥተው ባለ አምስት ማርሽ የፎርድ ታይፕ 9 የሚያስገቡም አሉ። ምክንያታቸው ተገቢ ነው፤ ኤም ጂ ቢ በአራተኛ ማርሽ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ሞተሩ በደቂቃ 3800 ዙር ገደማ ይዞራል፤ ይህም ለረጅም ጉዞ ይበዛል። ሆኖም በብዙዎቹ መኪናዎች ላይ የሌይኮክ ኦቨርድራይቭ አለ። ይህ ከካምቢዮው በስተኋላ የተያያዘ፣ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ተጨማሪ ፍጥነት ሲሆን የሞተሩን ዙር በአንድ አምስተኛ ያህል ቀንሶ ወደ 3100 ያወርደዋል። የፎርዱ አምስተኛ ማርሽም የሚያደርገው ይህንኑ ያህል ነው።

ሁለቱ ጉዳዮች፣ ሽቦውና ዘንጉ፣ የሚገናኙትም እዚህ ላይ ነው። ከ1977 ሞዴል ጀምሮ የኦቨርድራይቩ ማብሪያ በማርሽ ዘንጉ እጀታ ውስጥ ገብቷል፤ ሽቦውም በዘንጉ ውስጥ ያልፋል። ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ይታጠፋል፤ ውሎ አድሮም ይበጠሳል። ባለቤቱ ግን ኦቨርድራይቩ ተበላሸ ብሎ ካምቢዮ ያስወርዳል። ሽቦ ማሳለፊያ የሌለው የገበያ ዘንግ የገዛም ኦቨርድራይቩን አብሮ ጥሎታል። ከዚህ የከፋው ግን ዘንጉን ሲለውጡ ካምቢዮው ላይ ያለውን መከላከያ ማብሪያ መንካት ነው። ይህ ማብሪያ ኦቨርድራይቩ በከፍተኛ ማርሽ ብቻ እንዲሠራ የሚፈቅድ ነው። «ሥራውን ለማቅለል» ተብሎ ሽቦው በቀጥታ ከተያያዘና ሾፌሩ ኦቨርድራይቩ እንደ ተከፈተ ወደ ኋላ ማርሽ ካስገባ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞረው የውስጥ መያዣ ይሰበራል። አንድ ብልሃተኛ ነኝ ባይ በአንድ ቁራጭ ሽቦ ያቃለለው ሥራ ዋጋው ሙሉ ኦቨርድራይቭ ይሆናል።

በመብራቱም ሥራ የፋብሪካው ሽቦ አይቆረጥ። ቀድሞ በአምፖሉ ጀርባ ይሰካ የነበረው ማያያዣ ለሪሌው ማዘዣ ሊያገለግል ይችላል፤ አዲሱ መስመር ቢነቀል አሮጌው በሁለት ደቂቃ ይመለሳል። ሥራው ካለቀ በኋላ ሞተሩ እየሠራ፣ ረጅሙ መብራት በርቶ፣ የቮልት መለኪያው አንድ ጫፍ በባትሪው ላይ፣ ሌላው በአምፖሉ እግር ላይ ይደረግ፤ ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ሥራው አልተጠናቀቀም። በመመለሻው በኩልም እንዲሁ ይለካ። የተጨመረው ሽቦ ቀለም የፋብሪካውን ሥርዐት ይከተል፤ የሪሌዎቹ ቦታና የፊውዞቹ መጠንም በአንዲት ወረቀት ተሥሎ በመኪናው ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ይቀመጥ፤ ከዓመታት በኋላ በሌሊት፣ በመንገድ ዳር፣ በባትሪ መብራት ኮፈኑን የሚከፍተው ሌላ መካኒክ ነውና።