ድንገተኛ ሕክምናና የተገለለው ወገናችን
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ድንገተኛ ሕክምና ለተገለለው የኅብረተ ሰብ ክፍል ምን ሊያደርግለት ይችላል የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ ስለ ሆነ በምዕራብ ጎጃም፣ በሽንዲ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባለው አገር ላይ ወስኜ እናገራለሁ። ይህን አገር የመረጥሁት ችግረኛ ነው ብዬ አይደለም። እንዲያውም ወምበርማና ቡሬ በበቆሎና በበርበሬ የታወቁ፣ ከራሳቸው አልፈው ለሌላው የሚተርፉ ናቸው። ጎተራው በሞላበት አገር የተገለለ ሰው ሲገኝ፣ መገለሉ ከአዝመራ ጉድለት የመጣ ነው ለማለት አይቻልም።

እንዲህ ያለው ሰው ከሕክምና ጋር የሚገናኘው በተመላላሽ ክፍል አይደለም። በዚያ ካርድ ይወጣል፣ ተራ ይጠበቃል፣ በአግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ሸክላ ሠሪዋ ከጎኗ ያለችው ሴት ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ፈቀቅ ስትልባት ታያለች፤ እግሩ ያበጠው ገበሬ ቁስሉ እንደሚሸት ያውቃል። ስለዚህ ሁለቱም ከቤታቸው ይቀራሉ። የሚመጡት መቅረት የማይቻልበት ሰዓት ሲደርስ፣ በቃሬዛ ወይም በጋሪ ተጭነው ነው። ድንገተኛ ክፍል «ማን ነህ?» ከማለቱ በፊት «ምን ሆንህ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን በደግነታችን አንቍጠረው፤ ሥራው ራሱ የሚያስገድደው ነው። ነገር ግን ለተገለለው ሰው ሳይመረጥ የሚገባበት ደጅ ይህ ብቻ መሆኑን ማወቅ ይገባናል። በሽተኛው ሲገባ የሚደረግለትን በሚገባ ተምረናል። ሲወጣ የሚደረግለት ግን እስከ ዛሬ ከሕክምናው እንደ አንድ ክፍል አልተቈጠረም፤ የእኔም ክርክር በዚህ ላይ ነው።

ስለ እግር እብጠት በሽታ ሰፋ አድርጌ እንድናገር ይፈቀድልኝ። በተለምዶ ዝሆኔ የምንለው በሽታ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በትንኝ አማካይነት ከሚተላለፍ ትል የሚመጣ ሲሆን፣ በጎጃም ደጋና ወይና ደጋ የሚታየው ሁለተኛው፣ ማለትም ፖዶኮንዮሲስ የተባለው፣ በቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ነው። እንግሊዛዊው ቀዶ ጠጋኝ ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአገራችን ባደረገው ምርምር፣ ከአፈሩ የሚገቡ ደቃቅ ቅንጣቶች በሕሙማኑ ንፍፊት ውስጥ መኖራቸውን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ለበሽታው የመጋለጥ ጠባይ በዘር የሚወረስ መሆኑን አረጋገጠ። እንግዲህ «በዘራቸው አለ» የሚለው የመንደር ወሬ ፈጽሞ ውሸት አልነበረም። ውሸቱ «ይተላለፋል» የሚለው ነው፤ ጋብቻን የሚያፈርሰው፣ ከማኅበርና ከድግስ የሚያስቀረውም እሱ ነው። በደምበጫና በደብረ ኤልያስ የተደረገው ቆጠራ፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ነዋሪዎች 3.3 በመቶ የሚሆኑት በሽታው እንዳለባቸው አሳይቷል። ቁጥሩ በየቀበሌው ቢካፈል ብዙ ደጅ ያንኳኳል።

ይህ በሽታ በዝግታ የሚሄድ ስለ ሆነ የድንገተኛ ሕክምና ጉዳይ አይመስልም። ነገር ግን «ተነሣብኝ» የሚባልበት ጊዜ አለ። እግሩ ይግላል፣ ብሽሽቱ ያብጣል፣ ብርድ ብርድ እያለው ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ ወደ እኛ ይመጣል። ፀረ ተሕዋስያንና የሕመም ማስታገሻ ይሰጠዋል፤ ትኵሳቱ ሲበርድም ይሰናበታል፤ በመጣበት ባዶ እግሩ፣ በዚያው አፈር ላይ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተካፈሉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት አለ። እግራቸውን መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ የተማሩት ሕሙማን በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ሲነሣባቸው፣ ይህ እርዳታ እንዲቈይባቸው በተደረጉት ላይ 23.9 ጊዜ ተነሥቶባቸዋል። «የተገኘው አንድ አምስተኛ ብቻ ነው?» የሚል ባልደረባ ይኖራል። እኔ የምመልሰው፣ በዓመት አራት ጊዜ መተኛት የቀረለት አራሽ አራቱ በሰኔና በሐምሌ ቢውሉ ምን ያህል መሬት ጦም እንደሚያድር ገበሬውን ጠይቁ ብዬ ነው። ሳሙናና ፋሻ በድንገተኛ ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ ከመርፌው አጠገብ ቢቀመጡ ስሕተት የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ወደ ሌላው ጉዳይ ልለፍ፤ ይህኛው ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ልጅ በድንገት ራሱን ስቶ ሲንፈራገጥ በገጠሩ «ቡዳ በላው» ይባላል። ያስለፈልፉታል፤ የበላው ሰው ስም እንዲወጣ ይጠበቃል። የሚወጣውም ስም ብዙውን ጊዜ የቀጥቃጭ፣ የፋቂ ወይም የሸክላ ሠሪ ስም ነው። ልጁ ዕድል ቀንቶት ወደ ጤና ጣቢያ ቢደርስ ደሙ ይመረመራል፤ ወባው ወደ አንጎል የወጣ ሆኖ ይገኛል፤ ወይም በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ወርዶ ይሆናል። መድኃኒቱ ይሰጠዋል፣ ይነቃል። «ድኗል፣ ውሰጂው» ተብላ እናቱ ትሸኛለች። በመንደሩ ውስጥ ግን ስሟ የተነሣው ሸክላ ሠሪ እንደ ተከሰሰች ቀርታለች፤ ለእሷ የተጻፈ ማዘዣ የለም።

ስለዚህ ሐኪሙ ወይም ነርሷ እናቲቱን ብቻ ሳይሆን፣ ቃሬዛውን ይዘው የመጡትን አጎቶችና ጎረቤቶች ሰብስበው፣ «ይህ ወባ ነው፤ በደሙ ውስጥ አይተነዋል፤ ከሰው የመጣ ነገር አይደለም» ሊሏቸው ይገባል። ልጁ ዓይኑን በገለጠበት ሰዓት የተነገረ ቃል በሌላ ጊዜ ከሚሰጥ ብዙ ትምህርት ይልቅ ይሰማል። ጠበሉን መንቀፍ አያስፈልግም፤ ጠበሉን የነቀፈ ሐኪም ሁለተኛ አይሰማም። «እኛ ወይና ደጋ ነን፣ ወባ አያገኘንም» የሚል ሽማግሌ ቢነሣ፣ እ.ኤ.አ. በ1958 ዓ.ም. የደረሰው ወረርሽኝ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለው አገር ገብቶ 150,000 ያህል ሰው መፍጀቱን መጥቀስ ይቻላል።

ወደ ቆላው እርሻ ለአረምና ለአጨዳ ስለሚወርደው የቀን ሠራተኛ በአጭሩ ልናገር። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ሲሞከር፣ ከነዚያ አንዱ የጎጃሙ ደቡብ አቸፈር ነበር፤ ብዙ ቤተ ሰብንም ከዕዳ አድኗል። ነገር ግን መድኅኑ የሚመዘገበው በቤተ ሰብና በቀበሌ ስለ ሆነ፣ ከቀበሌው ርቆ እባብ የነደፈው ሠራተኛ መታወቂያው በእናቱ ቤት ተንጠልጥሎ ይቀራል። አዋጅ ቁጥር 799/2005 የመኪና አደጋ ለደረሰበት ሰው እስከ 2,000 ብር የሚደርስ አስቸኳይ ሕክምና እንዲሰጠው ደነገገ። በሬ ለወጋው ወይም ከዛፍ ለወደቀው ግን እንዲህ ያለ ድንጋጌ አላወጣም። ሕግ አውጪው የአስፋልቱን ሰው አስቦ ነበር።

ስለ ወላድ እናቶችና ስለ አምቡላንስ በዚህ ጉባኤ ብዙ ተነግሯልና አልደግመውም። ይልቁንስ ከአምቡላንስ በፊት ስላለው ቃሬዛ ልናገር። በፒትስበርግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1967 ፍሪደም ሀውስ የተባለ የአምቡላንስ አገልግሎት ተቋቋመ። በሂል ዲስትሪክት የሚኖሩ፣ ሥራ ያጡ ጥቁር አሜሪካውያን በሐኪሙ ፒተር ሳፋር ሥልጠና መሪነት ሰፊ ትምህርት ተሰጥቷቸው የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ ሆኑ። አምቡላንስ የማይደርስለት ሰፈር ሰዎች የሌላውን ሰፈር ሕይወት አዳኝ ለመሆን በቁ። አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ1975 ቢዘጋም ሥራው ለዚያ አገር ለዛሬው የአምቡላንስ ሙያ አርአያ ሆኗል። በእኛም ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት የጤና መኰንን፣ የማኅበረ ሰብ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ አብረው እንዲሠለጥኑ ተደርጎ ነበር። የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስት ሥልጠና በጥቁር አንበሳ የተጀመረው ከዚያ እጅግ ዘግይቶ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲሆን፣ ምሩቃኑ ሽንዲ እስኪደርሱ ጊዜ ይወስዳል። ቃሬዛ ተሸካሚው ግን ዛሬም አለ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር በሽተኛውን የተሸከመ እሱ ነው። የሚደማን ቁስል ተጭኖ መያዝን፣ ራሱን የሳተን ሰው በጎኑ ማስተኛትን፣ እባብ የነደፈውን እግር አጥብቆ ከማሰርና ከመብጣት መቈጠብን በሁለት ቀን ማስተማር ይቻላል። ሲመረጡም የቀጥቃጩ ልጅና የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ከሌላው ጋር እንዲመረጡ አደራ እላለሁ።

የጫማውን ነገር ሳልናገር ላልፍ አልፈልግም። ያበጠ እግር የገበያ ጫማ አይገባበትም፤ በልክ መሠራት አለበት። በወላይታ «ሞሲ ፉት» በሚል ስም በሚታወቀው ፕሮጀክት እንዲህ ያለውን ጫማ በዚያው አካባቢ ያሉ ጫማ ሠሪዎች ሲሰፉ ቆይተዋል። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያም ቆዳ የሚያውቅ እጅ አለ፤ ያውም ሰው አብሮት ለመብላት የሚጸየፈው የፋቂ እጅ ነው። ማኅበራችን ለመጪው ዓመት ከሚይዘው በጀት ላይ ለቆዳና ለሶል መግዣ ጥቂት ገንዘብ እንዲመድብ፣ ልኩንም ድንገተኛ ክፍሉ በሽተኛውን ከማሰናበቱ በፊት በገመድ ለክቶ እንዲልክ ሐሳብ አቀርባለሁ።