ሳተላይቷስ መጠቀች፣ ተማሪውስ?

(በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ለወላጆችና ለመምህራን ባዘጋጀው ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እኔ የሳይንስ ሰው አይደለሁም። በዲፕሎማ ተመርቄ በብዕሬ የማድር ጋዜጠኛ ነኝ። “ታዲያ ስለ ጠፈር ምን አገባህ?” የሚለኝ ካለ መልሴ አጭር ነው፤ በልጆቻችን ስም የሚፈረም ውል ሁሉ ያገባኛል።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን ሳተላይት ከቻይና ምድር አመጠቀች። ኢቲአርኤስኤስ-1 ትባላለች፤ ክብደቷ 72 ኪሎ ነው። ያን ዕለት ንጋት ላይ ባለሥልጣናቱ እንጦጦ ተሰብስበው በቀጥታ ሥርጭት እያዩ አጨበጨቡ። እኔም ቤቴ ሆኜ አጨብጭቤያለሁ፣ ምን እዋሻለሁ! ግን ከወጪው 6 ሚሊዮን ዶላር ያህሉን የቻለችው ቻይና ነበረች። ሳተላይት በስጦታ ይገኛል እንበል። መሐንዲስስ? ትልቁ ትርፋችን ከቻይናዎቹ ጎን ሆነው ሙያውን የቀሰሙት ወጣቶቻችን ናቸው። ዛሬ የት ናቸው፣ ምን እየሠሩ ነው ብሎ መጠየቅ ምቀኝነት ነው እንዴ?

እስቲ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ሶቪየቶች ስፑትኒክን ያመጠቁት መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የዓለም ሳይንቲስቶች “ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት” ብለው ምድርን በጋራ ያጠኑ ነበር። አዲስ አበባ ደግሞ የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በሚባለው መስመር አጠገብ ናት። በዚህ ምክንያት በያኔው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያ ተቋቋመ። ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ቄስ አባ ፒየር ጉዋን ለዓመታት መሩት፤ በኋላም የአገራችንን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ አወጡ። ልብ በሉልኝ! ዓለም የፈለገን ለድህነታችን አዝኖ ሳይሆን ቦታችንን ፈልጎ ነው። ሽርክና ማለት ይኼ ነው፤ እኛም የምንሰጠው ነበረን።

ሌላም ጥሩ ምሳሌ አለ። የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1961 የጀመረው የሳይንስ ፕሮግራም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የፊዚክስ ትምህርት ክፍልም ደግፏል። ዘዴውን “ሳንድዊች” ይሉታል (የሚበላውን አይደለም!)። ተማሪው ጥቂት ወራት እዚያ፣ ቀሪውን ጊዜ እዚህ ሆኖ ይማራል። የምርምር ጥያቄው ከአገር ይነሳል፤ ሲጨርስም የሚመለስበት ወንበርና መሣሪያ አለው።

የመሄጃ ቲኬት ብቻ የሚቆርጠው ስኮላርሺፕ ግን ሌላ ነው። ዶክተር ቅጣው እጅጉን አስታውሱ፤ ነፍሳቸውን ይማርና። የቦንጋ ልጅ ናቸው። ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተማሩ፣ በስኮላርሺፕ ጃፓን ሄዱ፣ አሜሪካ ተሻግረው ናሳ ደረሱ፤ ጥር 1998 ዓ.ም. እዚያው በስደት አረፉ። ቢመለሱስ ኖሮ የትኛው ላቦራቶሪ ይጠብቃቸው ነበር? በ1985 ዓ.ም. እኮ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራን በአንዴ ተባረዋል። አንድ ዶክተር ለማፍራት ዓመታት ይፈጃል፤ ለማባረር አንድ ደብዳቤ ይበቃል።

የራሴንም ላውራችሁ። ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የውጭ ትምህርት ዕድል ተለጥፎ አየሁ። ደስ ብሎኝ ጠጋ ስል ማመልከቻው ከተዘጋ ሦስተኛ ቀኑ! ዘበኛውን “መቼ ነው የተለጠፈው?” ብለው፣ “ዛሬ ጠዋት፣ ወንድሜ” አለኝ።

ስለዚህ ጥያቄዬ ቀላል ነው። ከውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የሚፈረመው ስምምነት ለሕዝብ ይገለጥ። ስንት ወንበር ተገኘ? ማን ተመረጠ? በምን መስፈርት? ማስታወቂያው የአዲስ አበባ ልጅ ብቻ ሳይሆን የቦንጋውም ልጅ እንዲሰማው በሬዲዮ ይነገር። ለሚመለሰው ሥራው ከመሄዱ በፊት በጽሑፍ ይታወቅ።

ከታችም እንጀምር። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ሦስት! ታዲያ ስኮላርሺፑን ለማን ልንሰጠው ነው?

ወደዚህ አዳራሽ ከመግባቴ በፊት በር ላይ ያገኘኋቸውን ሦስት ተማሪዎች “የላቦራቶሪው ቁልፍ ማን ጋ ነው?” ብዬ ጠየቅኋቸው። ሦስቱም አያውቁም። ርዕሰ መምህሩ እዚህ ስላሉ መልሱን ለእሳቸው እተዋለሁ።