ስሙ ፍርድ ቤት፣ በሩ የመሥሪያ ቤት!

(በአንድ የሠራተኞች የውይይት መድረክ ላይ ካደረግሁት ንግግር)



ንግግሬን ከራሴ ቤት ልጀምር። እህቴ ነርስ ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ አዲስ አበባ ትሠራበት የነበረ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ “በዲሲፕሊን” ብሎ አባረራት። እሷም እንደማንኛውም ሰው “አገሩ ፍርድ ቤት አለው” አለችና ወረቀቷን ይዛ መደበኛው ፍርድ ቤት ሄደች። እዚያ ምን አሏት? “የመንግሥት ሠራተኛ ነሽ? ያንቺ ጉዳይ እዚህ አይታይም፤ አስተዳደር ፍርድ ቤት ሂጂ።”

አስተዳደር ፍርድ ቤቱን ፈልጎ ማግኘት ሁለት ቀን ፈጀ። አንዱ “ትሪቡናሉን ነው?” ይላታል፤ ሌላው “ቦርዱን ነው እንዴ?” ይላታል። በመጨረሻ ያገኘችው ችሎት በአንድ ቢሮ ሕንፃ ውስጥ፣ ከፋይል ክፍሉ አጠገብ ነበር። ወራት ተመላልሳ ተፈረደላት፤ “ወደ ሥራዋ ትመለስ” ተባለ። ውሳኔውን ይዛ ስትቀርብ ኃላፊው ወረቀቱን ገልበጥ አድርጎ አየና “ይሄ እኮ ዋናው ፍርድ ቤት አይደለም” ብሎ መለሰላት።

እኔ ዛሬ የምናገረው ስለዚህች አንዲት ቃል ነው። ያ ኃላፊ ከየት አምጥቶ ነው እንዲህ ያለው? ከሜዳ አላመጣውም። ያመጣው እኛው ካበላሸነው ስም ነው!

እስቲ የከተማችንን ቻርተር፣ ዐዋጅ ቁጥር 361/1995ን እንመልከት። ከከተማው ፍርድ ቤቶች ጎን የመዳኘት ሥልጣን ያላቸው ሌሎች አካላት አሉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚያየው “ቦርድ” ነው። የግብር ይግባኝ የሚሰማው “ጉባኤ” ነው። የመንግሥት ሠራተኛውን ጉዳይ የሚያየውን ደግሞ ሕዝቡ “አስተዳደር ፍርድ ቤት” ይለዋል። ሦስቱም ያከራክራሉ፣ ሦስቱም ይወስናሉ፤ ስማቸው ግን ሦስት ዓይነት ነው። ቀድሞ ይሠራበት የነበረውን የፌዴራሉን የመንግሥት ሠራተኞች ዐዋጅ ቁጥር 515/1999ን ብትገልጡ ደግሞ በአማርኛው “የአስተዳደር ፍርድ ቤት” ይላል፤ በእንግሊዝኛው ዐምድ “ትሪቡናል” ይላል። በአንድ ነጋሪት ጋዜጣ፣ በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ስም! በክልሎችም ነገሩ ይብሳል እንጂ አይሻልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 52 ክልሎች ስለ ሠራተኞቻቸው አስተዳደር የራሳቸውን ሕግ እንዲያወጡ ስለፈቀደ እያንዳንዱ ክልል የየራሱን ያቋቁማል፤ ባለጉዳዩም ክልል በተሻገረ ቁጥር እንደገና ጠያቂ ይሆናል።

“ስም ምን ያደርጋል?” የምትሉኝ አትጠፉም። ስም ብዙ ያደርጋል! የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ማንም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት “ወይም” በሕግ የዳኝነት ሥልጣን ለተሰጠው ሌላ አካል አቅርቦ ውሳኔ የማግኘት መብት አለው ይላል። ስለዚህ የእህቴ ውሳኔ ከሕግ ውጭ የተጻፈ የቢሮ ደብዳቤ አልነበረም፤ በሕገ መንግሥት የታወቀ ዳኝነት ነበር። ያ ኃላፊ ይህን አላወቀም፤ ወይም አውቆ አላወቀም።

ግን ሐቁን እንነጋገር ከተባለ ጥፋቱ የኃላፊው ብቻ አይደለም። ፍርድ ቤት ብለን የሰየምነው አካል የሚቀመጠው በአስፈጻሚው ጓሮ ነው። ከሳሿ ሠራተኛ፣ ተከሳሹ መንግሥት፣ የችሎቱን ወንበር፣ ደመወዝና ወረቀት የሚያቀርበው ያው መንግሥት! አንቀጽ 79 ስለ ዳኝነት ነጻነት የደነገገው እዚህ በር ላይ ሲደርስ ድምፁ ይሰልላል።

ዕውቅና መንፈግ እስከ ምን እንደሚደርስ ከፌዴራሉ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በ2000 ዓ.ም. የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ሠራተኞችን የሚመለከት ደንብ ቁጥር 155 ወጣ። ዋና ዳይሬክተሩ በሙስና የጠረጠረውን ሠራተኛ እንዲያሰናብት ሥልጣን ሰጠው፤ የተሰናበተውም በየትኛውም የፍርድ አካል ውሳኔ ወደ ሥራ የመመለስ መብት እንደሌለው ደነገገ። አያችሁ? በጥርጣሬ ትባረራለህ፤ የምትጮህበት በር ግን አስቀድሞ ተቆልፏል! አባቶቻችን “በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች” ያሉት ለዚህ ነው።

እንዳታጣሙብኝ፤ አስተዳደር ፍርድ ቤት ይፍረስ እያልኩ አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛን ሕግ ለይቶ የሚያውቅ፣ ጉዳዩን ቶሎ የሚጨርስ ችሎት ለደሃ ሠራተኛ ይጠቅመዋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ዐዋጅ ቁጥር 1183 በመሥሪያ ቤት ውሳኔ የተበደለ ሰው ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቤት እንዲል መንገድ ከፍቷል። ደግ ነው። የክልል መሥሪያ ቤቶችን ግን አይገዛም።

የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንድ፣ ስሙ በየሕጉና በየበሩ ላይ አንድ ይሁን፤ ባለጉዳይ በጥያቄ አይንከራተት። ሁለት፣ ዳኞቹም ችሎቱም ከሚከሰሰው መሥሪያ ቤት እጅ ይውጡ። ሦስት፣ ውሳኔውን “አልፈጽምም” ያለ ኃላፊ በግሉ ይጠየቅ።

እህቴ በመጨረሻ ሥራዋ ተመልሳለች። ግን የተፈረደላትን ለማስፈጸም ሌላ መዝገብ መክፈት፣ እንደገና ወራት መመላለስ ነበረባት። አንድ ፍርድ ሁለት ጊዜ እንደማሸነፍ ነው።

ድሮ መንገድ ላይ የሚጣሉ ሰዎችን ያየ መንገደኛ “በሕግ አምላክ!” ካለ ዱላ ያነሳ ሰው እጁን ያወርድ ነበር። መንገደኛው ፖሊስ የለው፣ ማኅተም የለው፣ ሕንፃ የለው። የነበረው ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ስም ብቻ ነበር። ዛሬ ማኅተሙም አለ፣ ሕንፃውም አለ። የጠፋው እጅ የሚያስወርደው ስም ነው። እሱን መልሱልን!