ቁልፉን የሰጠ እጅ



በአሶሳ ከተማ ባጃጅ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው። አባት ታሞ ሲውል ቁልፉን መንጃ ፈቃድ ለሌለው የ16 ዓመት ልጁ ቢሰጥ ቤቱን ያገዘ ይመስለዋል። ሕጉ ግን እንዲህ አያየውም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የተሽከርካሪውን ባለንብረት፣ በቁጥር 2124 ደግሞ ለአካለ መጠን ያልደረሰውን ልጅ አባት ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርጋል።

የሦስተኛ ወገን መድንም ሸክሙን ሁሉ አያነሣም። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ለሞት ካሣ የወሰነው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር፤ ከጣሪያው በላይ የሚፈረደውን ባለዕዳው ራሱ ይከፍላል፤ ባጃጇም ለዕዳው ልትሸጥ ትችላለች።

ስለሆነም የመድን ባለሙያ የአረቦኑን ደረሰኝ ከመቁረጡ አስቀድሞ «ማን ያሽከረክራል?» ብሎ ሊጠይቅ፣ ቁልፉ ለሌላ ቢተላለፍም ኃላፊነቱ ከባለንብረቱ ጋር እንደሚቀር ሊያስረዳ ይገባዋል።