ለደጋን የሚስማማ ፍላጻ
በሐይቅ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



በሐይቅና በአምባሰል ቀስት ይዞ የሚያድን ሰው ልፈልግ ያለ በከንቱ ይደክማል። የደገኛው አዳኝ መሣሪያ ጦር ነበረ፤ በኋላም ጠመንጃ ሆነ። ደጋን ግን ከቤት አልወጣም። ጥጥ የሚነደፈው በደጋን ነው። የጎበጠ እንጨት ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጅማት ተወጥሮበታል፤ ጅማቱ በተሳበና በተለቀቀ ቍጥር ጥጡን እየበተነ ያለሰልሰዋል። በግእዝ «ነደፈ» የሚለው ግሥ ለተናዳፊ ፍጥረትም፣ ፍላጻ ለሚወረውር ቀስተኛም ያገለግላል። ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ደቀ መዛሙርቱን ያስተማረበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ባለበት አገር ይህን የግእዝ ትርጉም ማስታወስ ከቦታው መራቅ አይሆንም።

አስቀድሞ የቃላቱ ነገር ይጥራ። በግእዝ ቀስት የሚጎብጠው መሣሪያ ነው፤ የሚወረወረው ሐፅ ይባላል። በዛሬው አማርኛ ግን «ቀስት» ለሁለቱም እየሆነ ስለ መጣ፣ አንድ መምህር «ቀስቱ ለቀስቱ አልተስማማም» ቢል ተማሪው ምን እንደ ሰማ አያውቅም። ስለዚህ በዚህ ንግግር የሚጎብጠው ደጋን፣ የሚወረወረው ፍላጻ፣ የሚሳበው አውታር ይባላል።

በኢትዮጵያ ቀስት እስከ ዘመናችን የሚገኘው በቆላው ነው። በመተከል የጉሙዝ ወንዶች ይይዙታል፤ በደቡብ፣ በኬንያ ድንበር አካባቢ፣ የዋታ አዳኞች በቀስታቸው የታወቁ ነበሩ። የዋታዎቹ ፍላጻ በመረንዝ ዛፍ መርዝ ይቀባ ነበር። የዚህ ዓይነቱ መርዝ ዋና ንጥረ ነገር ኡአባይን ሲሆን ስሙ የፍላጻ መርዝ ማለት ከሆነው «ዋባዮ» ከሚለው የሶማልኛ ቃል መጥቷል፤ ፈረንሳዊው ኬሚስት አርኖ በ1888 እ.ኤ.አ. ለይቶ አውጥቶታል። መርዝ የሌለው ፍላጻ ግን የሚገድለው በስለቱ ቆርጦ ደም በማፍሰስ ብቻ ነው። እየተወዛወዘ ከደረሰ ኃይሉን በጎን ያባክናል፤ ጠልቆም አይገባም። እንስሳው ቆስሎ ወደ ጥሻ ይገባና አዳኙ ሳያገኘው ይሞታል። የምርጫው ጕዳይ ክብደት የሚያገኘው ከዚህ ነው።

ብዙ ሰው ጥሩ ፍላጻ ማለት ቀጥ ያለና የማይጎብጥ ዘንግ ይመስለዋል። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ሁለተኛው ስሕተት ነው። ፍላጻው በደጋኑ መያዣ ጎን ስለሚያልፍ፣ አውታሩ ከኋላ ሲገፋው ጎበጥ ብሎ መያዣውን ይዞረዋል፤ ከዚያ ወደ ሌላው ጎን ይጎብጣል፤ እንዲህ እየተለመጠ ሄዶ በላባው ኃይል ይረጋል። አሜሪካዊው ሮበርት ኤልመር ይህን «የቀስተኛ እንቆቅልሽ» ብሎ ሰይሞታል፤ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ሊቁ ክላረንስ ሂክማን በፈጣን ካሜራ አንሥቶ መለመጡን በዓይን አሳይቷል። እንግዲህ የሚፈለገው የማይጎብጥ ዘንግ ሳይሆን ለደጋኑ ኃይል በልኩ የሚጎብጥ ነው። በቀኝ እጁ አውታር ለሚስብ ሰው ከልክ በላይ ግትር የሆነው ወደ ግራ፣ ከልክ በላይ ልል የሆነው ወደ ቀኝ ይሄዳል።

ግትርነት በማናቸውም የእጅ ሥራ ክፍል ሊለካ ይችላል። ለእንጨት ዘንግ የቆየው ደንብ እንዲህ ነው፤ ዘንጉ በ26 ኢንች (66 ሳንቲ ሜትር) በተራራቁ ሁለት ድጋፎች ላይ ይጋደማል፤ ከመካከሉ 2 ፓውንድ (907 ግራም) ይንጠለጠልበታል፤ ምን ያህል ወደ ታች እንደ ጎበጠ በኢንች ይለካል። 26 ለዚህ ልክ ሲካፈል ዘንጉ የሚስማማው የደጋን ኃይል በፓውንድ ይወጣል። ግማሽ ኢንች የጎበጠ ዘንግ ለ52 ፓውንድ ደጋን ይሆናል ማለት ነው። የደጋኑ ኃይልም ከላዩ ከተጻፈው ቍጥር ብቻ አይወሰድ፤ ያ ቍጥር ብዙ ጊዜ 28 ኢንች ሲሳብ የሚገኘው ስለ ሆነ፣ ክንዱ አጭር የሆነ ሰው የሚያገኘው ያነሰ ነው። በሚንጠለጠል ሚዛን፣ ቀስተኛው በሚስብበት ርቀት ልክ መመዘን ይሻላል።

ዘንጉ ሲመረጥ ቋጠሮ ያለበትና የእንጨቱ መስመር ወደ ጎን የሚወጣበት ይጣላል። እንዲህ ያለው ዘንግ ሲለቀቅ ተሰንጥቆ የደጋኑን ያዥ እጅ ሊወጋ ይችላል፤ በዚህ ላይ መቆጠብ አይገባም። ከመጠን በላይ የቀለለ ፍላጻም ያው ነው። ሊወስደው ያልቻለው ኃይል በደጋኑ ውስጥ ስለሚቀር ደጋኑ ይጎዳል፤ ባዶ አውታር ስቦ የመልቀቅን ያህል ባይሆንም ወደዚያ ይጠጋል።

ከዚህ በኋላ ማስተካከል ይመጣል። ላባ ያላቸው ሦስት ፍላጻዎችና ላባ የሌለው አንድ፣ ከ18 ሜትር ያህል ርቀት ወደ አንድ ዒላማ ይወረወራሉ። መጀመሪያ የሚታየው ከፍታው ነው፤ ላባ የሌለው ከሌሎቹ በታች ከተተከለ ፍላጻው በአውታሩ ላይ የሚያዝበት ነጥብ ከልክ በላይ ከፍ ብሏል፤ በላይ ከሆነ ዝቅ ብሏል። ይህ ሳይስተካከል ግራና ቀኙን መመርመር ጊዜ ማባከን ነው። ቀጥሎ፣ ላባ የሌለው ወደ ግራ ካዘነበለ (ቀስተኛው ቀኝ እጅ ከሆነ) ዘንጉ ግትር ነውና ከበድ ያለ ጫፍ ይደረግለታል። ወደ ቀኝ ካዘነበለ ልል ነው፤ ጫፉ ይቀለላል፣ ወይም ዘንጉ ከፊት በኩል ጥቂት በጥቂት ይቆረጣል፤ ዘንግ ባጠረ ቍጥር ይገትራልና። ስለዚህ ልምድ ያለው ሠሪ ዘንጉን አስረዝሞ ይጀምራል፤ መጋዙንም የሚያነሣው በመጨረሻ ነው።

በአገራችን የዱር እንስሳት አደን ያለ ፈቃድ በሕግ የተከለከለ ስለ ሆነ፣ ለትምህርት የገለባ ዒላማ ይበቃል። ነገር ግን ለአደን የሚሠራ ፍላጻ በዒላማ ጫፍ ብቻ ተፈትኖ አይተውም። ሰፊው ስለት ከፊት እንደ ክንፍ ሆኖ ነፋስ ስለሚይዝ፣ በዒላማ ጫፍ ቀጥ ብሎ የሄደው ዘንግ በስለቱ ሊያፈነግጥ ይችላል። ክብደታቸው እኩል የሆነ ስለትና የዒላማ ጫፍ በተመሳሳይ ዘንጎች ላይ ተደርገው በተራ ይወረወራሉ፤ ሁለቱ በአንድ ቦታ እስኪተከሉም ድረስ ማስተካከሉ ይቀጥላል።